የተንኳኳው ቀፎ

አንድ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነበረ። በዚያ አገር ንብ በማስገባት የሚደርስበት አልነበረም።

እትዬ የሻረግ፣ ባለፈው ማክሰኞ የውሃ ቦኖው ጋ ወረፋ ስንጠብቅ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በምን ይመጣል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ተራችን ደረሰና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። መልሴ የዚህ ሰው ነገር ነው።

ሰውየው ቀፎውን ራሱ ይሠራል። ቀርከሃ ሰንጥቆ ይጎነጉናል፤ በሐረግ ያስራል፤ ውጭውን በእበት ይመርጋል። ደርቆ ሲያበቃ ውስጡን ይጠርጋል፤ የሸረሪት ድር አንዲት ክር እንኳ አይተውም። ከዚያ ወይራና ጥንጁት አጭሶ ያጥነዋል፤ በመጨረሻም አሮጌ የማር ሰፈፍ ይቀባዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሁልጊዜ በዚሁ ተራ ነው፤ አንዱን ከአንዱ አያስቀድምም። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ሲያብብ ቀፎውን አምና በሰቀለበት ቅርንጫፍ ላይ መልሶ ይሰቅለዋል። ከዚያ በኋላ ዛፉ ሥር እሳት አይነድም፤ እንጨት አይፈለጥም፤ ልጅ አይጮህም። እሱም አንዴ ከሰቀለ ዞር ብሎ አያይም። ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል።

ሰዎች «ገባልህ ወይ?» ሲሉት፣ «እኔ ቤት ነው የሠራሁት። መግባቱ የንቧ ፋንታ ነው» ይላቸዋል።

ይህ ሰው እንቅልፍ አጣ። አንድ ሰሞን ሕፃን ልጁ ደባሽ ታመመችና ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሲያድር ሰነበተ። ልጅቱ ዳነች፤ እሱ ግን ነቅቶ ማደሩን አልተወም። ምክንያቱን ቢጠይቁት እሱም አያውቀውም።

መጀመሪያ ቀን ቀን እየተኛ ሊያካክሰው ሞከረ። ምሳውን በልቶ ጥላ ሥር ጋደም ይልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሳል። ማታ ታዲያ ዓይኑ እንደ ፈጠጠ ይቀራል። ራት ከበላ በኋላ «ራሴን ከበደኝ» ብሎ ሁለት ስኒ ቡና ይጠጣል። አንድ ቀን ገና ሳይመሽ አልጋው ላይ ይወጣል፤ በማግስቱ ጎረቤት ሲያወራ አምሽቶ ይመጣል። አልጋው አልመች ሲለው መደቡ ላይ ይወርዳል፤ መደቡ ሲቆረቁረው ጎተራው አጠገብ ቁርበት አንጥፎ ይሞክራል። እዚያም እምቢ ሲለው ወደ አልጋው ይመለስና ቁጭ ብሎ ዛፍ የሚወጣበትን ገመድ ይገምዳል። የአልጋው ልብስ የቃጫ ቁርጥራጭ ብቻ ሆኖ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ስልኩ ነው። ከራስጌው አስቀምጦት፣ ጋደም ባለ ቁጥር አብርቶ ሰዓት ያያል።

«አምስት ሰዓት ሆነ» ይላታል ሚስቱን። ቆይቶ፣ «ስድስት ከሩብ»። ደግሞ ቆይቶ፣ «ሰባት ሆነ። አሁንም አልመጣም።»

ሚስቱ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ልጇን እያጠባች ትሰማዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቢመጣስ በየት በኩል ይግባ? በዚህ ብርሃን ላይ ነው?» አለችው። እሱ ግን ሰዓቱን እያየ ስለነበረ አላዳመጣትም።

መስከረም ገባ። ሰውየው አራት ቀፎ አሰናድቶ ነበር። አንዱን ግቢው ውስጥ ካለች ዝቅ ያለች ዋንዛ ላይ ሰቀለ። ሁለተኛውን ወንዝ ዳር ካለ ግራር ላይ ሊሰቅል ወጣና ቅርንጫፉን እንዳቀፈ አሸለበው። እጁ ላላ። ወገቡ ላይ ያሰረው ገመድ ወደ ብብቱ ሸርተት ብሎ እዚያው አንጠልጥሎ ያዘው፤ ቀፎው ግን ወርዶ ድንጋይ ላይ ተሰባበረ። ከታች በሬዎቹን ሲያጠጣ የነበረ ጎረቤቱ ወጥቶ አወረደው።

ጎረቤቱ እስከ ቤት ሸኘውና ለሚስቱ፣ «ይህ ባልሽ አልጋ ላይ ይነቃል፤ ዛፍ ላይ ይተኛል። ነገሩን ገልብጦ ነው የያዘው» አላት።

«አንተ ደግሞ ቀልድህ አያልቅም» አለ ሰውየው ብብቱን እያሸ።

«ይሁን፣ ቀልድ በለው። ዛሬ ገመዱ ያዘህ። የዝግባውን ቀን ግን እኔም ከታች አልኖር ይሆናል።»

የቀሩት ሁለት ቀፎዎች የሚሰቀሉት ገደል አፋፍ ላይ ካለው ትልቅ ዝግባ ላይ ነበር። እዚያ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያንቀላፋ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም። ሚስቱ ይህን ታውቃለች። አትውጣ እንዳትለው ከማሩ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ አበባውም ቆይቶ አይጠብቃቸውም። ተኛ እንዳትለው ደግሞ፣ እንዳይተኛ ያደረገው ይኸው «ልተኛ፣ ልተኛ» ማለቱ ነው። ሁለት ቀን አሰበችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰውየው ከቤት ሲወጣ ዋንዛው ላይ ባለው ቀፎ አፍ ሦስት አራት ንቦች ሲመላለሱ አየ። ቃኚዎች ነበሩ። ቃኚ መጣች ማለት መንጋው ቤት እየፈለገ ነው ማለት ነው። ሰውየው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ሊመለስ ሲል ሚስቱ ልጇን አስተኝታ፣ ማማሰያ በእጇ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ቀጥ ብላ ወደ ዋንዛው ሄደችና ቀፎውን ኳ ኳ አደረገችው።

«ገባችሁ?» አለች።

ንቦቹ ተነሱ። ጥቂት ዞረው ተመልሰው አረፉ። ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች። «አሁንም አልገቡም» አለችና መልሳ ከደነችው። ወዲያው ማሰሪያውን ፈትታ ቀፎውን ወደ ጎን ቅርንጫፍ አሻገረችው። እንደገና ኳ ኳ አደረገችው። ንቦቹ ይህን ጊዜ አልተመለሱም። በዋንዛው አናት ወጥተው፣ አጥሩን አልፈው ሄዱ።

ሰውየው፣ «የደባሽ እናት፣ ምን ነካሽ?» አለ። «ይህን ያህል ዘመን ከእኔ ጋር ኖረሽ የተሰቀለ ቀፎ እንደማይነካ አታውቂም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እስካሁን ለምን እንዳልገቡ ልይ ብዬ ነው።»

«እየነካካሻቸው በምን ይገባሉ? ቀፎ ይታጠናል፤ ይሰቀላል፤ ይተዋል። ቦታ እያቀያየረ፣ በየደቂቃው ክዳን እየከፈተ ‹ገባችሁ ወይ› የሚል ሰው የት አይተሻል?»

«አልጋዬ ላይ» አለችው። «ሌሊት ሌሊት። ስልክ እያበራ።»

ሰውየው ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«የአንድ ቀፎ ማር አባረርሽ» አለ።

«አውቃለሁ። አንተ ከዝግባው ከምትወድቅ እሱ ይሂድ» አለችው። ልጅቱ ስታለቅስ ሰማችና ወደ ቤት ገባች።

ሰውየው ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ቀፎውን ወደ አምና ቅርንጫፉ መለሰና ዞር ሳይል ሄደ። የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ አልተጋደመም፤ ዓይኑ እየተጨፈነ የጓሮውን ጎመን ኮተኮተ። ከምሳ ወዲያም ቡና አልቀመሰም። ገመዱን ከአልጋው አንስቶ ደጅ ሰቀለው፤ አንሶላውን አራግፎ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ስልኩን ጓዳ ወስዶ ባዶ ማሰሮ ውስጥ አስገብቶ ከደነበት። ሚስቱ አይታው አልሳቀችም፤ ለመሳቅ ግን ምንም አልቀራትም ነበር።

ለመኝታው ልክ እንደ ቀፎው ተራ አበጀለት። ራቱን ቀደም አድርጎ በላ፤ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ታጠበ፤ ፋኖሱን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ገባ። በማግስቱም በዚያው ተራ፣ በዚያው ሰዓት። መደቡንና የጎተራውን ሥር ተዋቸው።

የመጀመሪያውን ሌሊት አልተኛም። ሁለተኛውም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ግን እንቅልፉ ሲዘገይበት እንደ ድሮው አልጋው ላይ አልተገላበጠም። ተነስቶ ጨለማው ውስጥ በርጩማው ላይ ይቀመጥና ዓይኑ ሲከብደው ይመለሳል። ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም፤ ሚስቱም አትጠይቀውም። እንዲህም ሆኖ ጠዋት በልማዱ ሰዓት ይነሳል፤ ሌሊት አልተኛሁም ብሎ አያረፍድም። ሦስተኛው ቀን ከሁሉ ከፋ። ቀኑን ሙሉ እንደ ሰከረ ሰው ሲደናበር ዋለና ማታ ገብቶ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። አራተኛውን ሌሊት ደግሞ እንደገና ነቅቶ አደረ። ነገሩ እንዲህ አንዴ እየወጣ አንዴ እየወረደ ሰነበተ።

በስምንተኛው ቀን ጎረቤቱ በአጥር በኩል፣ «እንዴት ነው፣ መጣልህ?» አለው።

«እኔ ቤት ነው የሠራሁት» አለው ሰውየው።

ጎረቤቱ ሳቀ። «ዛፉ ላይ አትሥራ እንጂ» አለውና ሄደ።

ሁለት ሳምንት ሲሞላው፣ ነቅቶ የሚያድርበት ሌሊት እያነሰ ሲመጣ፣ ሰውየው ዝግባውን ወጣ። ሚስቱ ልጇን አዝላ ከሥሩ ቆመች። ወደ ላይ ብቻ ታያለች። እጁ አልላላም። አንዱን ቀፎ ጎትቶ አሰረ፤ ሁለተኛውንም አሰረ። ከዚያ ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ ከእግሩ በታች ኡምም የሚል ድምፅ ሰማ። መንጋ ነበር። እየተጠቀለለ ከገደሉ ወጣና የመንደሩን ጣሪያዎች አልፎ ወደ እሱ ግቢ በኩል ዝቅ አለ። ዋንዛዋ ላይ ይረፍ፣ አልፎ ይሂድ፣ ከዚያ ሆኖ መለየት አልቻለም።

ወርዶ ለሚስቱ ነገራት።

«ታዲያ ሮጠን አንሄድም?» አለችው።

«በምን ምክንያት?» አላት። ገመዱን ጠቅልሎ ልጁን ከጀርባዋ ተቀበላትና እያዘገሙ ወረዱ። ግቢያቸው ሲደርሱ ዋንዛዋን በሩቁ አልፈው ቤታቸው ገቡ።

እንግዲህ እትዬ የሻረግ፣ እንቅልፍ በምን ይመጣል ላሉኝ፣ ማምጫ የለውም ነው የምልዎ። መምጣቱን ራሱ ያውቃል። የእኛ ሥራ ቀፎውን ማሰናዳት ነው። እኔ ሌሊት ልጄን ላጠባ ስነሳ መስኮትዎ ፊት ለፊቴ ነው። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሲል አያለሁ። እሱ ይጠፋና ደግሞ ስልኩ ይበራል፤ ይጠፋል፤ ይበራል። ከጉልት ሲመለሱ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እንደሚተኙ፣ ማታ ሻይዎን እንደሚያጠቁሩት፣ ለነገ የሚሸጡትን በርበሬ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው እንደሚቀነጥሱት ራስዎ ነግረውኛል። እንቅልፍ ቢመጣስ አስነጥሶት ይመለሳል እንጂ የት ያርፋል? ይህ ሁሉ ማንኳኳት ነው። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ይውጣ፤ በርበሬው ጓዳ ይሂድ፤ ስልኩን ማሰሮ ውስጥ ይክደኑት። ሻዩ በቀን ይሁን። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይግቡ፤ ቢተኙም ባይተኙም በአንድ ሰዓት ይነሱ። ሦስተኛው ቀን ሲከፋብዎ አይተዉት።

ዛሬ ሌሊትም ልጄ ስታስነሳኝ መስኮትዎን አያለሁ። ጨለማ ቢሆን፣ ተኝተው ይሁን ነቅተው አልጠይቅም። ጠዋት ቦኖው ጋ ስንገናኝም «መጣልዎ?» አልልዎትም። ውሃችንን ቀድተን እንመለሳለን።