የኮሎኔሉ ውሻ መድኃኒት

ባለፈው ቅዳሜ የጡረተኛው የኮሎኔል ዘርፉ ዘበኛ ለውሻ የተሰጠ መድኃኒት ውጦ ተያዘ።

ውሻው አንበሶ ማነከስ ሲጀምር ኮሎኔሉ ሐኪም አልጠሩም። እሳቸው ለጉልበታቸው የሚወስዱትን ክኒን ለዘበኛው ሰጥተው፣ "ለሰው የሠራ ለውሻ አያቅተውም፤ በቅንጥብጣቢ ጠቅልለህ አብላው" አሉት። ሰንበትበት ሲል ውሻው ያው ያነክሳል፤ በር ሊከፍት ሲነሳ ጉልበቱን ይዞ ያቃስት የነበረው ዘበኛ ግን የመኪናው ጡሩምባ ሳይነፋ ሮጦ ይደርሳል።

ኮሎኔሉ እንግዶቻቸው ፊት አቆሙት። "እንጀራህ እንዳይቋረጥ እውነቱን ተናገር" አሉት። "አንተ ሌባ ነህ ወይስ ውሻ?"

"እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር፣ ጌታዬ" አለ ዘበኛው። "በርዎ ላይ አድራለሁ፤ ሰው ሲመጣ እጮኻለሁ፤ የምበላውም ከገበታ የተረፈውን ነው። ክኒኑ ለሰው የተሠራ ነው ሲሉ፣ እስቲ ራሴን ልመርምር ብዬ ዋጥኩት። ስለሠራልኝ ሰው ሳልሆን አልቀርም።"

እንግዶቹ ሳቁ። ኮሎኔሉ ግን ዕቃውን ሸክፎ እንዲወጣ አዘዙት።

ጓዙን ይዞ ከበሩ ሲደርስ፣ በመጨረሻ ለአንበሶ የተጠራው የእንስሳት ሐኪም ገባ። የክኒኑን ስም ሲሰማም፣ ውሻው ውጦት ቢሆን ኖሮ ኩላሊቱ አይተርፍም ነበር ሲል ተናገረ።