ሁለቱ ዳኞችና የግፊያው ሕግ

አንድ ጊዜ የዱር አራዊት ከወንዝ ዳር ባለ ሜዳ፣ ሁለት የሾላ ዛፎች ላይ ቅርጫት ሰቅለው ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር። ቅርጫቱ ስር ግፊያው በረታና የሚዳቋ እግር ተሰበረ። ንጉሣቸው አንበሳም አራዊቱን ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ቅርጫት ስር የገፋ ሁሉ ይቀጣል፣ ኳሱም ለተገፋው ቡድን ይሰጣል ሲል ደነገገ። ሕጉን እንዲያስከብሩ አህያና ጅብ ዳኛ ሆኑ፤ አህያ በላይኛው ቅርጫት፣ ጅብ በታችኛው።

በመጀመሪያው ግጥሚያ የጫካውና የሜዳው ቡድን ተገናኙ። አህያ ገና የመጀመሪያዋን ግፊያ እንዳየች ፊሽካዋን ነፋች። የገፋችው ጥንቸል ነበረች፤ አኩርፋ ኳሱን ሰጠች። በታችኛው ቅርጫት ግን የጫካው ከርከሮ የሜዳውን ድኩላ በትከሻው ገፍትሮ ሲያስቆጥር ጅብ ቆሞ ያዛጋ ነበር። ተጫዋቾቹ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ላይኛው ቅርጫት ስር ይቅርታ እየተባባሉ ይተላለፋሉ፤ ታችኛው ስር ይደቋቆሳሉ። ተመልካቹም ሕጉ አንድ ነው ወይስ ሁለት እያለ መጨቃጨቅ ጀመረ።

በእረፍት ሰዓት አህያ ፈራ ተባ እያለች ወደ ጅብ ቀረበች። ከእሱ ጋር ብቻዋን መነጋገር አትወድም፤ ቀን መሆኑና አንበሳ ቅርብ መቀመጡ ግን አጽናናት።

«አያ ጅቦ፣ ግፊያ የምንለው ምን እንደሆነ ብንስማማ ጥሩ ነው» አለችው።

«የተገፋው ከወደቀ ግፊያ ነው» አለ ጅብ። «ካልወደቀ ሰላምታ ነው።»

ይህን ያስጠናው የጫካው ቡድን አሰልጣኝ ቀበሮ ነበር። ለትርጉሙም አንድ የጎሽ ቅልጥም ቃል ገብቶለታል።

አህያ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ሸክም በለመደ ጎኗ ገፈተረችው። ጅብ እየተንገዳገደ ሄዶ ከሾላው ግንድ ጋር ተላተመና ቆመ።

«አልወደቅህም» አለችው።

ጅብ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። «ይሄ ግፊያ ነው» አለ።

ተስማሙ።

ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ቅርጫት ተለዋወጡ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ለጫካው ቡድን የሚጫወተው የአንበሳ ልጅ በላይኛው ቅርጫት ስር ድኩላን በደረቱ ገፍቶ ኳሷን ከተተ። የጫካዎቹ ደጋፊዎች አሸነፍን ብለው ጨፈሩ። አህያ እንዳላየች ብትሆን የሚጠይቃት አልነበረም። ፊሽካዋን ነፋች።

አንበሳ ተነሥቶ መጣ።

«የማን ልጅ እንደሆነ አውቀሻል?» አላት።

«አውቄያለሁ፣ ጌታዬ። ጥንቸል በዚሁ ተቀጥታለች። ልጅዎን ዛሬ ካለፍኩት እሷን በድያታለሁ ማለት ነው።»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞሮ ያየውን እንዲናገር አዘዘው። ከአንበሳ ጀርባ ቀበሮ ቅልጥሙን ከፍ አድርጎ አሳየ። ጅብ ምራቁን ዋጠ። ጎኑን ዳሰሰ።

«ግፊያ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

የሁለቱ ዳኞች ቃል አንድ ሲሆንበት አንበሳ እያጉረመረመ ተመልሶ ተቀመጠ። ኳሱ ለሜዳው ቡድን ተሰጠ፤ የጫካው ቡድንም ተሸነፈ። ቀበሮ ቅልጥሙን ለብቻው በላ፤ ሲያኝክ ጅብ ቆሞ አየው። አህያን ማንም አላመሰገናትም። በሚቀጥለው ግጥሚያ ግን በየትኛውም ቅርጫት ስር የገፋ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው አዲስ ሕግ ሕግ የሚሆነው ዳኞቹ በትርጉሙ ቀድመው ተስማምተው ለደካማውም ለኃያሉም እኩል ሲፈርዱበት መሆኑን ነው።