ያላለቀውን ያስቀረው ሪፖርት

አንዲት ሴት ነበረች፣ ልጆቼ። ትርሲት ትባላለች፤ በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ናት። ኮምፒውተር የተበላሸበት፣ ፕሪንተር እምቢ ያለው ሁሉ ጥያቄውን በሲስተም ይልክላታል። ወርቅአገኘሁ የሚባል አንድ ባለሙያ አላት፤ እሱ ሄዶ ይጠግንና ጥያቄው ይዘጋል። በየወሩም ሪፖርት እየወጣ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ መንገሻ ይደርሳል።

አንድ ጠዋት፣ ስብሰባ ሊገቡ ሲሉ፣ የላብራቶሪዋ ኃላፊ የሺመቤት ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«ትርሲት፣ የእኛ ፕሪንተር እኮ ሞቶ ተዝካሩን ልናወጣለት ነው! ውጤት በእጃችን እየጻፍን በሽተኛው በወረፋ አለቀ። ጭራሽ ወርቅአገኘሁን ሥራ የለውም ብላችሁ ሌላ ከተማ ልትሰዱት ነው አሉ?»

«ሥራ የለውም? ማን ነው ያለው?»

«ያንቺው ሪፖርት ነዋ!»

ሮጠች። ሪፖርቱን ከፈተችው። ያልተዘጋ ጥያቄ አንድም አይታይበትም። እንዴት ሆኖ? ሥራው እንደተከመረ እሷም ታውቃለች። ሪፖርቱን ግን አንብባው አታውቅም፤ ራሱ ይሄዳላ!

ሪፖርቱ እንዴት እንደተሠራ ገልጣ ብታይ፣ ነገሩ ገባት። ሲስተሙ አዲስ በነበረ ጊዜ ሠራተኛው «ይሄ ነገር አይረባም» እያለ ሲያጉረመርም፣ ላበረታታቸው ብላ የተዘጉትን ጥያቄዎች ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያለው ሪፖርት አዘጋጅታ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወደዱት። «በየወሩ ይላክልኝ» አሏት። በየወሩ እንዲላክ አደረገችና ረሳችው። ማጣሪያው እዚያው ቀረ! ያለቀውን እያሳለፈ፣ ያላለቀውን እያስቀረ ኖረ።

ሪፖርቱ ዋሸ እንበል? አልዋሸም። ተዘጋ ያለው በእውነት ተዘግቷል። ግን አያችሁ፣ ግማሽ እውነት አንድን ሰው ከቤቱ ሊያፈናቅለው ነበር።

ማጣሪያውን አንስታ እንደገና አወጣችው። ክፍት ጥያቄው ገጽ ሞልቶ ፈሰሰ። አሁን ምን ታድርግ? ዝም ብትል ወርቅአገኘሁ መሄዱ ነው። ብትናገር «ይህን ሁሉ ጊዜ ስታታልለን ነበር» መባሏ ነው። ቢሆንም አትማ ወደ ስብሰባው ይዛው ገባች።

«አቶ መንገሻ፣ ዝውውሩን ከመወሰንዎ በፊት... እስካሁን ሲደርስዎት የነበረው ሪፖርት ጎዶሎ ነው። ያለቀውን ብቻ ነው ያሳየሁዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሙሉው ይሄውና።»

አቶ መንገሻ መነጽራቸውን አድርገው ገለጡ፣ ገለጡ። ከዚያ እፎይ ብለው ሳቁ።

«ተመስገን! ሐኪሞቹ ሁሉ ይጮሁብኛል፣ ሪፖርቱ ሁሉ ሰላም ነው ይለኛል። እኔ እኮ ያበድኩ መስሎኝ ነበር! አንቺ ልጅ፣ የጎደለውን ሳታሳዪኝ በምን ልርዳሽ? ወርቅአገኘሁ የትም አይሄድም። እንዲያውም ረዳት ይቀጠርለታል።»

«መጀመሪያ የእኔን ሬሳ ያንሱልኝ!» አለች የሺመቤት፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ትርሲት ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለላት።

እኛስ፣ ልጆቼ? የንስሐ አባታችን ሲመጡ የምናሳያቸው የትኛውን ነው? «ጾሜያለሁ አባ፣ አስቀድሻለሁ አባ።» ያለቀውን! ከወንድማችን ጋር የተኳረፍነውስ? ለማንም ያልነገርነው ፍርሃትስ? እሱ የት ቀረ?

«እንዴት ናችሁ?» ስንባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ማመስገኑ መልካም ነው፤ አትተዉት። ነገር ግን ከምስጋናው ኋላ እንቅልፍ የነሳን ነገር የለም? ባል ከሚስቱ የደበቀው፣ እናት ከልጇ የሸሸገችው የለም?

እግዚአብሔር አያውቀውም ብላችሁ ነው? ያውቀዋል። እንድናሳየው የሚጠብቀን ሊረዳን ነው እንጂ ሊያባርረን አይደለም። እኛ ግን ይቆጣል ብለን፣ እርዳታው ደጅ ቆሞ ሳለ በሩን ዘግተን እንቀመጣለን።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ የምታምኑት ሰው «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ሲላችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ትንሽ ቆዩ። ሁሉንም አላልኳችሁም፤ ያላለቀውን አንዱን ብቻ ንገሩት። እግዚአብሔር አፋችሁን ይክፈትላችሁ፤ የሚሰማችሁን ጆሮም አያሳጣችሁ።