የክለቡ ፕሬዚዳንት ዋስትና

አንዲት የገጠር ልጅ ማራቶን ሮጣ አንደኛ ወጣች። ከላቧ ብዛት መንገዱ ጨቅይቶ፣ ከኋላዋ የነበሩት ሁሉ እየተንሸራተቱ ቀሩ፤ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማወራው። ዳሩ ግን ላብ ሆኖ ያለቀ ውኃ ሽንት አይሆንም። የአበረታች መድኃኒት መርማሪዋ ከመጨረሻው መስመር ጀምራ እንደ ጥላ ተከትላታለች፤ እሷ እያየች ልጅቱ ሽንቷን ሰጥታ ጠርሙሱ እስኪታሸግ ድረስ ዘወር አትልም። ልጅቱ ውኃ ትጠጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሳትሰጥ ከሄደች ደግሞ እንቢ እንዳለች ተቆጥሮ ለዓመታት ከሩጫ ትታገዳለች።

ይህን ጊዜ የምትሮጥለት ክለብ ፕሬዚዳንት አቶ ጥጋቡ ቦርጫቸውን አስቀድመው ገቡ።

«አንቺ! ሚኒስትሩ ግብዣው ላይ ተቀምጠው ንግግሬን እየጠበቁ ነው። ተነሺ!»

«ሽንቴን ሳልሰጥ?»

«የምን ሽንት ነው! እኔ ዋስሽ ነኝ።» ደረታቸውን ነፍተው ወደ መርማሪዋ ዞሩ። «ልጅቷ ንጹሕ ናት ብያለሁ። የእኔን የመሰለ ትልቅ ሰው ቃል አይበቃም?»

መርማሪዋ አፏን ሳትከፍት ልጅቱ ቀደመቻት።

«ድሮማ ይበቃ ነበር አሉ፣ ጌታዬ። እንደ እርስዎ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ለየሯጩ ዋስ ሲሆኑ፣ እነዚህ መርማሪዎችም ሲያምኑ ብዙ ዘመን ኖሩ። በመጨረሻ ተሰብስበው ቢመክሩ፣ ከእናንተ ቃል ይልቅ የእኛ ሽንት ታማኝ ሆኖ አገኙት። ይልቅ ሄደው ንግግርዎን ይጀምሩ፤ እሱን የሚመረምር የለም።»