አውሎ ነፋሱ ያበቃበት ቀን

በአንድ ወቅት ብዬ ልጀምር፤ ወቅቱን ግን አውቀዋለሁ። ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥር፣ ወሩ ግንቦት ነበር። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የተነሳ አውሎ ነፋስ ቆላውን አቋርጦ ወደ እኛ መጣ። ዓርብ ነፋስ ነበር። ቅዳሜ ዝናብ ነበር። እሑድ ፀሐይ ወጣ፤ ጎርፍ ግን ወረደ።

ቤታችን ከድሬዳዋ በታች፣ በአሸዋ ወንዝ ዳር ነው። የአሸዋ ወንዝ የምንለው ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ከርሞ፣ ደጋው ሲዘንብ ብቻ ውሃ የሚወርድበትን ነው። በደረቁ ጊዜ ሁለት መቶ እርምጃ ተራምዶ መሻገር ነው። ቤቴ በወዲህ ነው፣ የሽንኩርት ማሳዬ በወዲያ።

ሬዲዮው ከሐሙስ ጀምሮ "አውሎ ነፋስ እየመጣ ስለሆነ ከወንዝ ዳር ራቁ" ይል ነበር። እኔ አላመንኩም። ባሕር የት፣ እኛ የት? ከማሳው የተነቀለ ሽንኩርት ዳስ ሥር ተዘርግቶ ነበር። ዓርብ ጠዋት ባለቤቴን ትርንጎን "ሽንኩርቱን በላስቲክ ሳትሸፍኚ እንዳትመለሺ" አልኳት። ሄደች። የላክኋት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ረፋድ ላይ ሰማዩ ቀላ። ነፋሱ አሸዋውን አንስቶ ወዲያ ማዶ ያለውን ሁሉ ሸፈነው። የጎረቤት ቆርቆሮ በላያችን ሲበር አየን። አቧራው ለአፍታ ሲገለጥ ዳሱ ወድቋል፤ ትርንጎ አትታይም። እኔ ጉልበቴ ከተጎዳ አራት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ነፋስ ሁለት እርምጃ መሄድ አልችልም። ወንዙ ዳር ቆሜ እንዲህ ብዬ ተሳልኩ፦

"ትርንጎን ከዚህ አውሎ ነፋስ አውጥቶ ለሚያመጣልኝ ቡሬን እሰጣለሁ። እግዚአብሔር ይስማኝ።"

ቡሬ ያለችኝ አንዲት ጊደር ናት። የመጀመሪያ ጥጃዋን አርግዛ ነበር። ስለቴን ሦስት ሰዎች ሰሙ፤ የበኩር ልጄ ዘውገ፣ ሴት ልጄ እንጉዳይ፣ እንዳልወድቅ ክንዴን የያዘኝ ጎረቤቴ ኢብሳ።

ዘውገ ወደ ነፋሱ ገባ። ፊቱን በጋቢ ጠቅልሎ፣ አንዳንዴ በእግሩ፣ አንዳንዴ በእንብርክኩ ተሻገረ። እናቱን የዳሱ ወራጅ እግሯ ላይ ወድቆባት አገኛት። ወራጁን አነሳላት። ማሳው ዳር ወዳለው ሾላ ዛፍ ጎትቶ ወሰዳትና ነፋሱ እንዳይወስዳት በጋቢው ከግንዱ ጋር አሰራት። እሷን አስሮ ሲጨርስ አንድ ቆርቆሮ መጥቶ ትከሻውን መታው፤ ክንዱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሊሸከማት አልቻለም። ከፊቷ ተቀምጦ፣ ነፋሱን በጀርባው እየተቀበለ ከለላት። ሌላው ሁሉ ሲበር እሷ ከሾላው ሥር አልተነቃነቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ጋብ አለ። ሬዲዮው "አውሎ ነፋሱ ተዳክሟል፤ ከእንግዲህ አውሎ ነፋስ ተብሎ አይጠራም" አለ። ዝናቡ ግን አልሰማውም። በባልዲ እንደሚገለበጥ ይወርድ ነበር፤ ወንዙም ከጉልበት በላይ ሞልቷል። እንጉዳይን "አትሄጂም" አልኳት። ቂጣ በፌስታል ቋጥራ ሄደች። ውሃው ከኋላዋ እየሞላ ስለመጣ መመለሻ አልነበራትም። እዚያ ስትደርስ የሾላው ሥር በውሃ ተቦርቡሯል። እናቷን በነጠላዋ አዝላ ከማሳው በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣች፤ ዘውገም በአንድ እጁ እየተደገፈ ተከተላት።

ትርንጎ ጀርባዋ ላይ ሆና "አንቺን ሳዝልሽ ትንፈራገጪ ነበር። እኔ ይኸው ጨዋ ነኝ" አለቻት።

"ጨዋ ከሆንሽ አንገቴን ልቀቂው፣ እማዬ።"

ጉብታው ላይ ከወጡ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ ሾላው ከነሥሩ ተነቅሎ ወደቀ፤ ውሃውም ወሰደው።

እሑድ ፀሐይ ወጣ። ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ፣ መሬት የሚነካ ጠብታ አልነበረም። ሬዲዮው ስለ አውሎ ነፋሱ ማውራቱን ትቶ ዘፈን ያሰማ ነበር። ነገር ግን ሁለት ቀን በተራራው ላይ የዘነበው ሁሉ ያን ዕለት ወደ እኛ ወረደ። ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ፣ የሞተ ፍየል እየገፋ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ከጉብታው እንጉዳይ ጮኸች፦ "እግሯ አብጧል! ሰውነቷ እሳት ሆኗል!" ጤና ጣቢያው ያለው በወዲህ ነው።

ኢብሳ ቤቱ ሄዶ የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ይዞ መጣ፤ ልጆቹ የሚጫወቱበት ነው። በብስክሌት መንፊያ ነፋው። ገመድ ወገቡ ላይ አሰረ፣ ጫፉን ለአምስት ሰው ሰጠ፣ ከላይ በኩል ገብቶ ውሃው እያወረደው ተሻገረ። ትርንጎን ጎማው ላይ አስተኝቶ፣ እሱ አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ አመጣት። "ጋሼ፣ ተቀበለኝ" አለና እጄ ላይ አኖራት። ተመልሶ እንጉዳይንና ዘውገን አወጣ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁስሉን አይታ "ግማሽ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ እግሩ አይተርፍም ነበር፤ ምናልባት እሷም" አለች።

ትርንጎ ዳነች። ዛሬ ታነክሳለች፤ ስታነክስም ትሳደባለች። ድምጿን ከማድቤት ስሰማ ቆም ብዬ እሰማዋለሁ። ሽንኩርቱ ሄደ። ይሂድ።

ከሳምንት በኋላ ሰው ሁሉ ሊጠይቃት በመጣበት ቀን ቡሬን ከበረት አወጣሁ። ገመዷን ለማን እንደምሰጥ ግን አላወቅሁም። ልሽጣትና ገንዘቡን ለሦስት ላካፍል እንዳልል የተሳልኩት ጊደሯን ነው። ዝም ልበል እንዳልል ደግሞ ትርንጎ በሩ አጠገብ ካለው አልጋዋ ላይ ሆና "ስለት ነው፣ ደርቤ። ካልሰጠህ እኔን ነው የሚያስመልሰው" አለች። ቀልድ አልነበረም።

ዘውገ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ቆመ። "አባዬ፣ አፍህ 'ከዚህ አውሎ ነፋስ' ነው ያለው። አውሎ ነፋስ ውስጥ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። ነፋስ በሌለበት ምን ዓይነት አውሎ ነፋስ አለ?"

እንጉዳይ ሳቀች። "ሬዲዮው ስሙን ስለቀየረው ዝናቡ ቀለለኝ? ያው የዓርቡ ደመና ነው ቅዳሜም ላያችን ላይ የነበረው። አንተ ከዛፍ ጋር አሰርካት፤ ዛፉ ወደቀ። ከአውሎ ነፋሱ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ኢብሳ እንደሆነ በፀሐይ ነው የገባው፣ ዋና ሊለማመድ።"

"ዋና ልለማመድ ብል ኖሮ አንቺን አልሸከምም ነበር" አለ ኢብሳ። "ስትጮሂ ጆሮዬን አደነቆርሽው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ ከብት ፈልጌ አልገባሁም። በቤቴ ግን ወተት እንደሌለ ታውቃለህ፤ አልፈልግም ብል እዋሻለሁ። ያልከው 'ለሚያመጣልኝ' ነው። ያ ጎርፍ ከየት መጣ? ከነፋሱ አይደለም? ነፋሱ ሮጦ ደከመው፣ ተራራ ላይ ተኝቶ ውሃ ሆነ። እኔ የታገልኩት ከእሱ ጋር ነው።"

የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛም መጥታ ስለነበር ስልኳን አወጣች። "በአየር ጠባይ ባለሙያዎች ዘንድ ልኩ የነፋሱ ፍጥነት ነው። ከልኩ ሲወርድ ስሙን ይነሱታል። የእኛውን ዓርብ ማታ ነስተውታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቅሪት ይባላል።"

"ቅሪት?" አለች እንጉዳይ። "ሾላን የሚያህል ዛፍ የነቀለው ቅሪት ነው?"

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ ቃሲም ከዘራቸውን አነሱ። "ስለደከመ ነው ስሙን የምትነሱት? ይኸው ደርቤ። ጉልበቱ ደክሟል፤ ሲነሳ ያቃስታል፣ ሲቀመጥ ያቃስታል። አባት መባሉን እንንሳው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም መሳቄን ትርንጎ ትናገራለች።

ዘውገ ግን አልሳቀም። "ሐጂ፣ ጎርፉ የነፋሱ ልጅ ነው እንበል። ልጅ አባቱ አይደለም።"

"ልጅ ሰው ሲገድል የአባቱ ወገን ካሳ አይጠየቅም?" አሉ ሐጂ።

 በመጨረሻ ትርንጎን ራሷን ጠየቅናት፤ ውስጡ የነበረችው እሷ ናት። "ለአንቺ አውሎ ነፋሱ መቼ አበቃ?"

ጥቂት አሰበች። "የፈራሁት ዓርብ ነው። ዘውገ ከፊቴ ሲቀመጥ ፍርሃቴ አለቀ። ሞቴን ያየሁት ግን ቅዳሜ ነው፣ የታሰርኩበት ሾላ ሲወድቅ ከጉብታው ሆኜ ሳይ። ያበቃውም ነርሷ እግርሽ ይተርፋል ስትለኝ ነው፤ ያ ደግሞ እሑድ ነው።" ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እኔን አትጠይቁኝ። ሦስቱም ባይኖሩ እዚህ የለሁም።"

እኔም መፍረድ አልቻልኩም። የላክኋት እኔ፣ የተሳልኩት እኔ፤ በምን አፌ እፈርዳለሁ? የምችለውን ግን አደረግሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ በሦስቱም ፊት በየተራ ቆምኩ። ለእያንዳንዳቸው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። ዘውገ መሬት መሬት አየ፤ ይህን ቃል ከእኔ ሰምቶ አያውቅም ነበር። እንጉዳይ አለቀሰች። ኢብሳ "ኧረ ጋሼ፣ ባርኔጣህን አድርግ፣ ፀሐይ ነው" አለኝ።

ያ ሾላ በጎርፍ ተገፍቶ ከቤቴ በታች አሸዋው ላይ አርፏል። ቡሬን ወስጄ እዚያ ግንድ ላይ አሰርኳት። በረቴ ውስጥ አትገባም፤ የእኔ አይደለችምና። ጠዋትና ማታ ሣር አጭጄ የምወስድላት እኔ ነኝ። በቅርቡ ትወልዳለች፤ ከወለደች ደግሞ ጥጃዋ ሌላ ክርክር ነው። ስለዚህ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አስቆማለሁ፣ ነገሩን እንዲህ እንዳለ እነግረዋለሁ፣ ገመዷንም አሳየዋለሁ።

እናንተም ሰምታችኋል። አንዱ ነፋሱ በጉልበቱ ሳለ ገባ። አንዷ ስሙን በነሱት ማግስት ገባች። አንዱ ሰማዩ ጠርቶ ውሃው ሲወርድ ገባ። አውሎ ነፋሱ ያበቃው መቼ ነው? የቡሬን ገመድ ለማን ልስጥ?