ብርሃን የገዛው ቁም ጸሐፊ

አንድ ቁም ጸሐፊ ነበረ።

ቆዪ ትርሲት፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። አዲሱን ላፕቶፕሽን ከፍተሽ አሳይተሽኛል። አንቺ ያልጫንሽው ፕሮግራም በላይ በላዩ ሲከፈት፣ ያልጠየቅሽው ማስታወቂያ ከዳር ብቅ ሲል፣ «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሲያስደነግጥሽ አይቻለሁ። ሻጩ ዘንድ ተመልሰሽ ብትጠይቂው «ከፋብሪካው አብሮት የመጣ ነው፤ ነፃ ነው፤ ታዲያ ምን ጎዳሽ?» አለሽ። አንቺም መልስ ስታጪ እኔ ዘንድ መጣሽና «የኔታ፣ እውነት ግን ምን ጎዳኝ?» አልሽኝ። እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ጸሐፊውን ግን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ተቀምጠሽ ስሚኝ፤ ስልክሽንም አትነካኪ።

ይህ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ብራና ላይ ጎንበስ ብሎ የኖረ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ዓይኑ ከዳር ከዳር ይጨልምበት ጀመር። መጀመሪያ በጎኑ የሚያልፈውን ሰው ማየት አቃተው፤ ቀጥሎ ሰማዩ በደመነ ቁጥር መስመር ይስት ጀመር። ዓይን የሚያዩ አንድ ሐኪም ዘንድ ሄደ። መረመሩትና «አንድ በጋ አለህ» አሉት። «ከዚያ በኋላስ?» ቢላቸው ቀጣዩን ሕመምተኛ ጠሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። እሱ ግን ለልቅሶም ጊዜ አልነበረውም፤ አንድ ሥራ ቀርቶታል። መምህሩ ከመሞታቸው በፊት የደረሱት የዜማ መጽሐፍ በእጁ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። ቀለሙ እየደበዘዘ፣ ጠርዙንም አይጥ እየቆረጠመው ሄዷል። ከፊደሎቹ በላይ መምህሩ ራሳቸው ያወጧቸው፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ምልክቶች አሉ፤ ዜማው የሚነሣውም የሚወድቀውም በነሱ ነው። እነዚያን ምልክቶች ማንበብ የሚችል፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። አዚሞ እንዳያስተላልፈው ደግሞ ጉሮሮው ከልጅነቱ ጀምሮ ለዜማ አልታደለም። ያለው እጁና ዓይኑ ነው። ዓይኑ ሳይጠፋ መጽሐፉን ወደ አዲስ ብራና ካልገለበጠው፣ የምልክቶቹንም ፍቺ ጎን ለጎን ካልጻፈ፣ ዜማው ከመምህሩ ጋር ተቀበረ ማለት ነው።

የሚኖርባት ጎጆ ደግሞ በቀንም ጨለማ ናት። በዚያ አገር ቤት እየሠራ የሚሸጥ አንድ ባለጸጋ ነበረና ወደሱ ሄዶ «ሰፊ ቤት አልፈልግም፤ ብርሃን ያለው ቤት ይስጡኝ» አለው። ባለጸጋውም ወደ ምሥራቅ የሚያይ ትልቅ መስኮት ያለው ቤት አሳየው። ቤቱ ባዶ ነበር። ጧት ስለነበር ፀሐይዋ ወለሉን ሞልታዋለች። ጸሐፊው እጁን ወደ ብርሃኑ ዘረጋና የመዳፉን መስመሮች አያቸው። ካያቸው ስንት ጊዜው ነበር! ከአባቱ የወረሰውን መሬት ከነበሬዎቹ ሸጠና ቤቱን ገዛ።

በጥቅምት መባቻ ብራናውን ተሸክሞ፣ የቀለም ቀንዱን አንጠልጥሎ መጣ። በሩን ከፈተ። ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል።

ገና ሲያዩት ሦስቱም ብድግ አሉና «ኖር!» አሉት።

ሰውየው የጠፋው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ያደገ ሰው ነው፤ ተነሥተው ኖር ያሉትን ሰዎች ምን ይበላቸው? «በእግዜር! በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ!» አለ፣ ጎንበስ ብሎ። አፉ ልቡን አልጠበቀውም። ኖር የሚለው ቀድሞ የተቀመጠው ነው፤ በእግዜር የሚለው በኋላ የመጣው ነው። እንዲህ በአንዲት ቃል እነሱ ባለቤት፣ እሱ እንግዳ ሆኖ አረፈው።

አንዱ ሸክሙን ተቀበለው። አንዱ እጁን አስታጠበው። ሦስተኛው ከፍ ያለውን መቀመጫ ለቀቀለት። ከስንቁ አውጥቶ ሲያቀርብ «ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን» እያሉ አጎረሱት፤ የገዛ እንጀራውን፣ በገዛ ቤቱ። እሱም «መንገደኞች መሆን አለባቸው፤ ነገ ይሄዳሉ» ብሎ ራሱን አጽናና። ሰውን መቼ ትሄዳለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነውና አልጠየቃቸውም።

በነጋታው አልሄዱም። አንደኛው ዘበኛ ነኝ ባይ ነው፤ ጦርና ጥሩንባ ይዟል። ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ ብራናው ላይ ሊያሳርፍ ሲል ጥሩንባውን ነፋና «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ጸሐፊው ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ ቀለሙ ተደፋ፤ ሌባ ግን የለም።

«የታለ?» አለው።

«ዛሬ የለም፤ ሊኖር ግን ይችል ነበር» አለ ዘበኛው። «የመጀመሪያውን ወር በነፃ እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ካልቀጠሩኝ እንግዲህ ቤትዎ ምን እንደሚደርስበት እኔ የማውቀው ነገር የለም።»

በማግሥቱም ነፋ። በሠልስቱም ነፋ።

ሁለተኛው ጨርቅ ሻጭ ነው። ገበያ የሚወጣ እንዳይመስልሽ፤ ገበያው እዚያው መስኮቱ ላይ ነው። ኩታውን፣ ጋቢውን፣ የአልጋ ልብሱን መስኮቱ ላይ ይሰቅለዋል። ቤቱ ይጨልማል። ጸሐፊው «ወንድሜ፣ ብርሃኔን» ይለዋል። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ከማውረዴ በፊት ግን የዚችን ጥለት አንዴ ይዩልኝ» ይለዋል። ያያል። «አልፈልግም» ይላል። ጨርቁ ይወርዳል። ጸሐፊው የት ላይ እንደቆመ ፈልጎ፣ መስመሩን አግኝቶ፣ አንድ ቃል ሳይጨርስ ሌላ ጨርቅ ይሰቀላል። አንዳንድ ቀን ይህ ሰው ሥራው ጽሕፈት ይሁን አልፈልግም ማለት ለራሱም ግራ ይገባው ነበር።

ሦስተኛው ዝምተኛ ነው። ጸሐፊው እንዲያውም ከሦስቱ እሱን ወዶት ነበር። ጥግ ይዞ ያያል፤ አልፎ አልፎ ወጣ ብሎ ይመለሳል። አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ?» አለው። ጸሐፊው ልቡ ተነካ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁሉንም ዘርዝሮ ነገረው፤ ሐኪሙ ያሉትን፣ የቀረችውን አንዲት በጋ፣ የሚፈራውን ነገር። በማግሥቱ ጧት የዓይን ቅባት ሻጭ፣ የዓይን መድኃኒት ቀማሚና ምርኩዝ ሻጭ በሩ ላይ ተሰልፈው ጠበቁት። ምርኩዝ ሻጩ «ጌታዬ፣ ቀደም ብሎ መልመድ ጥሩ ነው» አለው።

ምን አልሽ? ለምን አላባረራቸውም? በይሉኝታ ነዋ! አጉርሰውኛል፣ ተነሥተውልኛል፣ ጎረቤት ምን ይለኛል እያለ። ቤት ውስጥ የተቀመጠን ሰው «ውጣ» ማለት በሱ አስተዳደግ የማይሆን ነገር ነው። ሰዎቹ ደግሞ ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ በዚሁ ነው የሚኖሩት። እኔን የሚያናድደኝ ይኸ ነው፣ ትርሲት። ክፉ ሰውን በክፋቱ ይዘሽ ታስወጪዋለሽ። የሰውን ጨዋነት መግቢያ በር አድርጎ የሚገባን ምን ታደርጊዋለሽ?

ኅዳር ሄደ፤ ታኅሣሥ ሄደ፤ ጥርም አለቀ። በየካቲት አንድ ቀን ጸሐፊው የገለበጣቸውን ገጾች ቆጠራቸው። ከዘጠና ገጽ አሥራ አንድ ብቻ ነው የጻፈው። ነጠላውን አጣፋና ባለጸጋው ዘንድ ሄደ።

«ቤቴ ውስጥ ሦስት ሰዎች አስቀምጠውብኛል» አለው።

ባለጸጋው ሳቀ። ሳቁ ደግሞ የደግ ሰው ሳቅ ነው፤ አንጀት የሚያሳርር። «ስጦታዎቼ ናቸው እኮ! ሌላው ሰው ዘበኛ ፍለጋ አገር ያስሳል፤ ለእርስዎ በነፃ ሰጠሁዎት። ምን ጎዱዎት?»

«እኔ የገዛሁት ብርሃኑን ነው። ሲያሳዩኝ ቤቱ ባዶ ነበር።»

«ባዶውን አሳየሁዎት እንጂ ባዶውን ሸጥኩልዎት አልኩ? ደግሞስ ካልፈለጓቸው ለምን ተቀበሏቸው? ኖር ሲሉዎት በእግዜር ብለዋል አሉ። ተቀመጡ ያሏቸውም እርስዎ ነዎት። ሦስት ምስክር አለ።»

እውነትም ጸሐፊው ብሏላ! እንግዳ ተቀባይ ነን ያሉትን እንደ ደንቡ መለሰላቸው፤ ደንቡ ውል ሆኖ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። መንገዱን ሁሉ ሲናደድ የነበረው በባለጸጋው ሳይሆን በራሱ ነበር።

በሩን ከፈተ። እንደ ልማዳቸው ሦስቱም ተነሡና «ኖር!» አሉት።

ዕድሜ ልኩን ሳያስብ የመለሰው ቃል ከጉሮሮው መጥቶ ቆመ። ዋጠው። በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ዝም አለ። መልስ ያልተሰጠው ኖር ደግሞ ሰውን አያስቀምጥም። ሰዎቹ ቆመው ቀሩ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ «ኧረ ኖር፣ ጌታዬ» አሉ እንደገና።

«ውጡ» አላቸው።

ዝምተኛው ወዲያው ወጣ፤ የሚያውቀውን አውቆ ጨርሷልና። ጨርቅ ሻጩ ግን መስኮቱ ላይ ሙጭጭ አለ። «ጌታዬ፣ እኛም እኮ በነፃ አልገባንም! መስኮቱን ለባለጸጋው ከፍለን ነው የያዝነው፤ እርስዎ ቤቱን ሳይገዙት በፊት።» ጸሐፊው ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ስጦታ የተባሉት ሰዎች ገዢዎች ነበሩ፤ የተሸጠላቸው እሱ ራሱ ነው፤ አንዷን ብርሃን ባለጸጋው ሁለት ጊዜ ሸጧታል። ጨርቁን በሙሉ ሰብስቦ ደጅ ወረወረው። ዘበኛውን በፊት በር ሲያስወጣው በጓዳ በኩል ተመልሶ ገባ፤ በጓዳ ሲያስወጣው በፊት በር። በስንት መከራ ከወጣ በኋላም መንደሩን እየዞረ «ያ ቤት ጠባቂ የለውም!» እያለ ጥሩንባውን ነፋ። ጎረቤቱም «ሰውየው ዓይኑ ሲደክም ጠባዩም አብሮ ጠፋ» ብሎ አማው።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ፣ የፈረሰው የጓዳ በር ተጠግኖ፣ በሩ ላይ የሚሰለፉት ሻጮችም ተስፋ ቆርጠው እስኪሄዱ ሚያዝያ ገባ። አንድ ጧት ጸሐፊው መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ፀሐይዋ ቤቱን ሞልታዋለች። የሚጮኽ የለም። የሚሰቀል የለም። ብዕሩን ቀርጾ፣ የመምህሩን መጽሐፍ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ገለጠ።

ፊደሎቹን አያቸው። ከፊደሎቹ በላይ ግን ምንም የለም።

አቧራ መስሎት በነጠላው ጫፍ ጠረገው። ወደ ብርሃኑ አዘነበለው። ቀጣዩን ገጽ ገለጠ፤ እዚያም የለም። ምልክቶቹ እዚያው እንዳሉ ያውቃል፤ ያላየው እሱ ነው። መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትርቅ ተቀመጠ። ያን ቀን አለቀሰ። በጥቅምት ያላገኘው የልቅሶ ጊዜ አሁን ሞልቶለታል።

እንግዲህ ትርሲት፣ ጸሐፊው አንቺ ነሽ። ቤቱ ያ ላፕቶፕሽ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ባዶውን፣ ሲያብለጨልጭ አይተሽ የገዛሽው። ማን ማን እንደሆነ አልዘረዝርልሽም፤ ቀዩ ጽሑፍ ከእኔ ይልቅ አንቺን ነው የሚያስደነግጥሽ። ብቻ መጀመሪያ የከፈትሽው ቀን «እንኳን ደህና መጡ» ሲልሽ፣ ሳታነቢ «እስማማለሁ» የሚለውን ስንት ጊዜ ተጫንሽ? ፈርተሽ አይደለም፤ አላዋቂም ሆነሽ አይደለም። ሲቀበሉሽ እሺ ማለት ስለለመድሽ ነው። ያንን ልማድሽን ነው ሸጠው የበሉት።

ምን ጎዳኝ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። ትናንት አባትሽን ልጠይቅ ቤታችሁ መጥቼ አልነበር? መርሳት ከጀመራቸው ወዲህ የሚናገሩትን ሁሉ ልትጽፊ ላፕቶፑን እንደገዛሽ ያኔ ነው የሰማሁት። አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ነበር። ስለ ሟች እናታቸው አንድ ነገር ጀመሩ፤ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። ማስታወቂያው ብቅ አለ። «አንዴ አባባ» አልሻቸው። ዘጋሽው፤ ሌላ መጣ፤ እሱንም ዘጋሽ። ከዚያ «እሺ አባባ፣ ከዚያስ?» ብትያቸው፣ አባትሽ ፊትሽን አዩና «ምን እያልኩ ነበር?» አሉ። ነገሩን ወዴት ሊያደርሱት እንደነበር አንቺም አላወቅሽም። እኔም አላወቅሁም።

ሻጩ ምን ጎዳሽ ሲልሽ ይኸን ንገሪው። አሁን ተነሺና ሂጂ፤ የተቀመጡብሽን አስወጪ፤ ከዚያ አባትሽ አጠገብ ተቀመጪ። የጀመሩትን ዳግመኛ ያስታውሱት እንደሆነ ግን እኔ ልነግርሽ አልችልም።