ትርንጎ እና ጠፍሩ

ድሮ ድሮ፣ ቁንጫ እንደ በግ ተሸልታ ከጠጉሯ ጋቢ በሚሠራበት ዘመን፣ ሾላ ገደል በሚባል አገር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ጋቢውን እንኳ አላየሁትም። የትርንጎ ነገር ግን እውነት ነው፤ የጨመርኩበት ትንሽ ጨው ብቻ ነው።

ትርንጎ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ከአፏም ቃል አይወጣም። እጇ ግን የማይለው ነገር የለም። እናቷ እትዬ ጠጄ ከሕፃንነቷ ጀምራ በእጅ ታወራታለች። ምንጭ የሚወርዱ ሴቶችም ከእሷ ተማሩ። በኋላማ እንስራቸውን አስቀምጠው በእጅ ሐሜት ሲያቦኩ ይውሉ ነበር፤ የታማው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ውኃ ይቀዳል!

ትርንጎ ለሰው ሁሉ የእጅ ስም ታወጣለች። የአጎቷ የአያ ቢተው ስም ምን መሰላችሁ? ጣትን መዳፍ ላይ አዙሮ መላስ። ድስት ጠራጊው ማለት ነው።

አባቷ ሲሞት ይኸው ድስት ጠራጊ መጣ።

"ርስት የሚጠየቀው በቃል ነው፣ የሚማለውም በቃል ነው" አለ። "ቃል የሌለው ርስት የለውም። እናትየዋም የሰው አገር ሰው ናት። ክረምት ሳይገባ ውጡልኝ!"

እናትና ልጅ መሄጃ የላቸውም። ያችን መሬት ካጡ ዱር ነው የሚያድሩት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። "ምናልባት ድምፁ አንሶባት ይሆናል" አሉ። ነጋሪት አምጥተው ጆሮዋ ሥር ደለቁት። ዶሮ ከቆጥ ወደቀ። አህያ ገመዷን በጥሳ ፈረጠጠች። የአንዱ ሽማግሌ የቀረችው አንዲት ጥርስ ወለቀች። ትርንጎ ግን ምድሩ ከእግሯ ሥር ሲንቀጠቀጥ ደስ አላት፤ እስክስታ ወረደች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አያ ቢተው ግን አልሳቀም።

"አያችሁ? እኛ ስለ ርስት እንጣራለን፣ እሷ ትጨፍራለች!"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትርንጎ ፊታቸውን አየች። ትከሻዋ ቀጥ አለ። ነገሩ ወደ ዳኛ ተመራ።

ዳኛው ግራዝማች ወሰንየለህ ናቸው። ጥምጥማቸው ረጅም ከመሆኑ የተነሣ ሲጠመጥሙት ጫፉን የያዘው ሎሌ ወንዝ ማዶ ይቆማል ይባላል። በዚያ አገር ሕግ የተከሳሽን ሁለት እጅ አጣምረው ከከሳሹ አንጓ ጋር በጠፍር ያስራሉ፤ ማንም እንዳያመልጥ ነው። ትርንጎንም ከአያ ቢተው ጋር አሰሯት።

አያ ቢተው ተናገረ። ተናገረ። ደግሞ ተናገረ። ድንበሩን እኔ ነኝ የተከልኩት አለ፤ ወንዙንም እኔ ነኝ የቀደድኩት ሊል ትንሽ ነው የቀረው። ትርንጎ ልትመልስ እጇን ሳበች፤ ጠፍሩ ያዛት። እንደገና ሳበች፤ ጠፍሩ ቆዳዋን ላጠው።

"ተከሳሽ፣ መልሺ!" አሉ ግራዝማች።

ዝም።

"መልሺ!"

ዝም። እትዬ ጠጄ ከሰው ኋላ "ጌታዬ፣ እጇ!" እያለች ትጮኻለች። ዘብ ገፍቶ አስቀመጣት።

"የመጨረሻዬ ነው፤ ካልመለስሽ እፈርዳለሁ!"

ያን ጊዜ ትርንጎ የታሰሩ እጆቿን አነሳች፤ የአያ ቢተውም እጅ አብሮ ተነሣ። ሁለት መዳፏን አፉ ላይ ግጥም አድርጋ ደፈነችው። ዐይኑ ፈጠጠ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። እሷ ዳኛውን ትክ ብላ ታያለች፤ አትለቅም።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አሉት ግራዝማች።

"እምምም!"

ግራዝማች ሊቆጡ ብድግ አሉ። የተደፈነውን አፍ አዩ። ጠፍሩን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ለካ እኛም አፏን ነው ያሰርነው" አሉ። "ፍቷት!"

እጇ እንደተፈታ ጥጃ ቦረቀ። ስለ አባቷ አወራች፣ ከእሱ ጋር ስለተከለችው ሾላ አወራች። እትዬ ጠጄ የእጇን ነገር በአፍ ትተረጉማለች። አያ ቢተው ጮኸ፤ "ውሸት! እናትየዋ ናት የምትፈጥረው፤ ልጅቱ ዝንብ ነው የምታባርረው!"

ሰው አጉረመረመ። ግራዝማችም ተጠራጠሩ። እትዬ ጠጄን ከአጥር ውጭ አስወጧት።

"ለልጅቱ አንድ ነገር አሳያታለሁ" አሉ። "እናቷ ከእጇ ካነበበችው ቃል አላት። ካላነበበች መሬቱ ሄደ።"

ከዚያ ትርንጎን ጥግ ወስደው፣ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው፣ ጥምጥማቸውን ከፍ አደረጉላት። ሌላ ያየ የለም።

እትዬ ጠጄ ተጠራች። የትርንጎ እጅ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ጠጄ ደነገጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

"አላወቀችም!" አለ አያ ቢተው።

ትርንጎ ደገመችላት። እናቷ ወደ መሬት አቀረቀረች፤ "ጌታዬ... አልደፍርም።"

"ተናገሪ፤ አለዚያ መሬቱን ልቀቂ!"

"ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ። ራስዎ እንደ ቅል የተላጠ ነው ትላለች። አንዲት ፀጉር ቀርታለች፤ እሷም ጓዟን ሸክፋለች ትላለች።"

ዘቡ ጦሩን ጨበጠ። ግራዝማች እጃቸውን ወደ ጥምጥማቸው ሰደዱ። ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ፤ ጥምጥሙ ተተርትሮ መሬት እስኪጠርግ ሳቁ።

"እንዲህ ያለ እውነት ደፍሮ የነገረኝ አፍ አልነበረም" አሉ። "ቃል አላት። ርስቱ የትርንጎ ነው!"

አያ ቢተውም ጣቱን ሲልስ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ በሾላ ገደል ተከራካሪ የሚታሰረው ጋቢ ለጋቢ ነው እንጂ እጁ አይነካም። ዳኛ ሲቀመጥ ጉባኤው ሁሉ መዳፉን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ዳኛውም ከሁሉ አስቀድሞ "እጅ ይፈታ!" ይላል። ባልና ሚስት እንኳ ሲጣሉ፣ አንዱ አንዱን አላናግር ሲል፣ ጎረቤት "ኧረ የትርንጎን ጠፍር ፍታ" ይለዋል።

በሉ፣ ተረቴን በእጃችሁ መልሱልኝ። አፌን ተዉት፤ መዳፌን ቅቤ ቀቡልኝ።